ለምግብም ለመድኃኒትም የማይውል

በአንድ ሺህ ዘጠኝ መቶ ሰባ ሰባት ዓ.ም.፣ በጥር ወር፣ ነፋስ በበረታበት አንድ ማክሰኞ ጠዋት፣ በጅጅጋ ከተማ ከቦኖ ውሃው ፊት ለፊት ባለው ቤት፣ የወይዘሮ እታገኘሁ ተክል አዲስ ቅጠል አወጣ። ይህንኑ ለሚመለከተው ሁሉ ማሳወቅ ተገቢ ሆኖ ተገኝቷል።

የሚመለከተው ሰው ብዙ ነበር። ቦኖው ላይ ጀሪካን ይዘው የሚሰለፉ ሴቶች ጠዋት ጠዋት የእታገኘሁ መጋረጃ ሲገለጥ ተክሉን ያዩታል። ቅጠሉ እንደ ታጠፈ ጃንጥላ ተጠቅልሎ ሰንብቶ ነበር፤ ያን ዕለት ተፈታ። ሲፈታም እንደ ታላላቆቹ ከነቀዳዳው ነው። ጠርዙ ወደ መሀል የተሰነጠቀ፣ ከመሀል አጥንቱ ግራና ቀኝ ሞላላ ቀዳዳ የተደረደረበት ሰፊ ቅጠል።

«ወለደች» ተባለ ሰልፉ ላይ።

«ምን ወለደች?» አለች ባቱሎ። ባቱሎ የጉድጓድ ውሃ በአህያ ጭና ቤት ለቤት የምታድል የሰፈሩ ሰው ናት፤ በዚያች ሰዓት ከአህያዋ ጋር ስትጣላ ስለነበር አላየችም።

«ቅጠል።»

«ያቺ ወተት የሌላት ግመል?» አለች ባቱሎ። «እሷ መጠጣት እንጂ መታለብ አታውቅም።»

የተክሉን ስም በጅጅጋ የሚያውቅ አልነበረም። ሰፈሩ «ቀዳዳው» ይለዋል፤ እታገኘሁ «የቴፒው» ትለዋለች። እሷ የጎሬ ልጅ ናት። ጎሬ ዝናቡ ሲያባራ ሰው «ምን ሆኖ ነው?» ብሎ ወደ ሰማይ የሚያይበት አገር ነው። እህቷ ቴፒ ለቡና ሠራተኛ ተድራለች፤ እዚያ ይኼ ተክል ትልልቅ ዛፍ ላይ እየተጠመጠመ ይወጣል፣ ቅጠሉም የሕፃን መኝታ ያህላል። እታገኘሁ የመሥሪያ ቤት ታይፒስት ስለነበረች፣ አንድ ቀን ወደ ጅጅጋ የተዛወረችበትን ደብዳቤ ራሷ ታይፕ አደረገች። ፊርማው እስኪደርቅ ጠብቃ ራሷ ለራሷ ሰጠች። እህቷ ለስንብት የአንድ ክንድ ግንድ ቆርጣ፣ በረጠበ ጆንያና በኮባ ቅጠል ጠቅልላ አስታቀፈቻት።

ባቡር ላይ ድሬዳዋ እስክትደርስ በየጣቢያው «ጫቱ የየት ነው?» ተባለች። ከሐረር ወዲህ ደግሞ ኬላ ላይ አንድ ፈታሽ ጫት አይደለም ብትለው አላመናትም። ከጫፉ ቆርሶ አኘከ። ምላሱ አብጦ አፉን ሞላው፤ ከእሷ በኋላ የመጡትን መኪኖች ሁሉ በእጁ ብቻ «እለፉ» አለ።

ጅጅጋ ስትደርስ «እዚህ ከእሾህ በቀር የሚበቅል የለም» አሏት። ያሏት ሰዎች አብዛኞቹ እንደ እሷ በደብዳቤ የመጡ ናቸው።

«እስቲ እናያለን» አለች።

የጅጅጋ አፈር ሲረጥብ ይጣበቃል፣ ሲደርቅ ይሰነጠቃል። ስለዚህ ከወንዙ አሸዋ፣ ከበረት የቆየ የፍየል በጠጥ፣ ከምድጃ የከሰል ብናኝ አምጥታ ቀላቀለች። የእርዳታ ዘይት የመጣበትን ቆርቆሮ ሥሩን በምስማር በሳችው፤ ውሃ ከተኛበት ይበሰብሳልና። መሀሉ ላይ ጆንያ የተጠቀለለበት አጣና አቆመች። ይኼ ተክል ዛፍ ላይ መውጣት የለመደ ስለሆነ ከግንዱ እንደ ገመድ የሚወርድ ሥር አለው፤ ያ ሥር እርጥብ ጆንያ ሲያገኝ ይነክሳል፣ ጆንያ ካጣ ያገኘውን ይነክሳል። ፀሐይ በቀጥታ እንዳያቃጥለው ስስ ሻሽ ጋረደችበት። አቧራ ሲለብስ በእርጥብ ጨርቅ ቅጠል በቅጠል ትጠርገዋለች። ውሃ ከመስጠቷ በፊት ጣቷን አፈሩ ውስጥ ትከታለች፤ እርጥበት ካገኘች ትተወዋለች። «ጥምም ጥጋብም አይወድም» ትላለች፣ ስለ አንድ አስቸጋሪ አማች እንደሚወራ።

ያሸነፋት አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ የውሃው ጨው። እዚህ ሁሉም ሰው እንደ ሶማሌው ጅላል በሚለው በጋ መጨረሻ፣ የቅጠሉ ጠርዝ እሳት እንደነካው ወረቀት ይጠቁራል። መድኃኒቱ የመጀመሪያው ዝናብ ነው። ቆርቆሮው ደጅ ይወጣል፤ ዝናቡ ከላይ ገብቶ ከሥር እስኪፈስ ይቆያል፤ ጨዉ ታጥቦ ይሄዳል። «ያ ዝናብ ያመለጠው ዓመቱን አይዘልቅም» ትላለች እታገኘሁ። ይህንን የምትናገረው ለማንም ሳይሆን ለግድግዳው ነው፤ ነገር ግን እንግዳ በመጣ ቁጥር ጮክ ብላ ትናገረዋለች።

ምክንያት ነበራት። አበባ የሚወድ ሁሉ እንደሚያውቀው፣ ለምኖ የወሰዱት ቁራጭ አይጸድቅም፤ የሚጸድቀው የሰረቁት ነው። ስለዚህ ፈላጊ አይጠይቅም፣ ባለቤትም አትሰጥም። ባለቤት «ሻይ ላፍላ» ብላ ወደ ጓዳ ትገባና ብርጭቆ እያንኳኳች ትቆያለች። እንግዳዋ ሻይዋን ጠጥታ፣ ነጠላዋን ከአመጣጧ ጠበቅ አድርጋ አጣፍታ ትሄዳለች። ግንዱ ላይ ቁስል ይቀራል፤ እታገኘሁ አመድ ትነሰንስበታለች።

በዚህ ዓይነት የቀበሌው ሊቀመንበር የጓድ መርሻ ባለቤት፣ ወይዘሮ አትጠገብ፣ ሁለት ጊዜ ሻይ ጠጥታለች። የሳይንስ አስተማሪው ደሬሳ አንድ ጊዜ ጠጥቷል፤ ነጠላ ስለማይለብስ በዚያ ሙቀት ኮቱን እስከ አንገቱ ቆልፎ ወጣ። ባለሱቁ ዳሂር ሻይ አልጠጣም፤ የሰንደል ጫማውን ማሰሪያ ሊያጠብቅ ተክሉ አጠገብ ጎንበስ አለ፣ ቀና ሲል ጥምጣሙ ከፍ ብሎ ነበር። ሁሉም ቁራጫቸውን ከመጋረጃ ኋላ፣ መኝታ ቤት አስቀመጡ። የተሰረቀ ነገር መስኮት ላይ አይቀመጥም።

ይህ ሁሉ ከትእዛዙ በፊት ነው።

ትእዛዙ በየካቲት መጣ። ዝናብ ከጠፋ ቆይቶ ነበር፤ ቦኖው አንድ ቀን ሲያወርድ ሌላውን ቀን ያስላል። ጓድ መርሻ ሜጋፎኑን ይዞ ሰፈሩን ዞረ።

«ለቀበሌያችን ነዋሪዎች በሙሉ። ለምግብም ለመድኃኒትም የማይውል ተክል ውሃ ማጠጣት ከዛሬ ጀምሮ የተከለከለ ነው። ይህን ተላልፎ የተገኘ የውሃ ካርዱን ይነጠቃል።»

የውሃ ካርድ ማለት ቦኖው ላይ የመሰለፍ መብት ነው። ካርድ የሌለው ሰው ባቱሎን ደጅ ይጠናል፤ ባቱሎ ደግሞ አንድ አህያ ነው ያላት።

ትእዛዙ ከበላይ ሲወርድ «ተግባራዊነቱ በሪፖርት ይገለጽ» የሚል ጅራት ነበረው። ተግባራዊ ለማድረግ የሚደረግበት ሰው ያስፈልጋል። በቀበሌው ውስጥ በመስኮት የሚታይ ቅጠል አንድ ብቻ ነበር።

ኮሚቴው ሦስት ሰው ነው፤ ጓድ መርሻ፣ መምህር ደሬሳና ዳሂር። ሦስቱም የእታገኘሁ ክፍል መሀል ቆመው ተክሉን አይተውት እንደማያውቁ ሆነው አዩት።

«ይሄ ነው?» አለ መርሻ።

«ሌላ የለኝም» አለች እታገኘሁ። «እየቆረጡ ስለሚወስዱብኝ ቶሎ አይበዛም።»

ዳሂር ሰንደሉን አየ።

«ፍሬ ይሰጣል?»

«አገሩ ላይ ይሰጣል ይላሉ።»

«እዚህስ?»

«እዚህ እኔም አልሰጠሁም።»

«ለመድኃኒትነት የሚሆን ነገር አለው?»

«አንድ ፈታሽ አኝኮት ንግግር አቁሟል። ለስብሰባ ይጠቅም ይሆናል።»

ደሬሳ እስክሪብቶውን አውጥቶ ቀዳዳዎቹን አንድ በአንድ ጠቆመ። «ጓድ ሊቀመንበር፣ ይህ ተክል በሽተኛ ነው። ትል በልቶታል። ትሉ ወደ ነዋሪው ጎመን ከተሻገረ ማን ሊጠየቅ ነው?»

«ትል አልነካውም፤ ከነቀዳዳው ነው የሚፈታው» አለች እታገኘሁ። «ልጅ ሳለ ቅጠሉ ድፍን ነው። ሲጎለምስ ይበሳል። ጫካ ውስጥ ነፋሱም ዝናቡም እንዲያልፍበት።»

«እትዬ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝና እንዲህ የሚል መጽሐፍ አላጋጠመኝም። ጤነኛውን በዓይኔ አይቻለሁ። ጤነኛው ድፍን ነው።»

«የት አየኸው?»

ደሬሳን ሳል ያዘው።

«ወይዘሮ እታገኘሁ» አለ መርሻ፣ ሳሉ እስኪያልፍ ጠብቆ፣ «እስከ ጠቅላላ ስብሰባው ያስወግዱት። ካላስወገዱት ካርድዎን ያስረክባሉ።»

«እኔም እኮ ሳልጠየቅ ነው እዚህ የተተከልኩት። ለምግብም ለመድኃኒትም አልሆንም። ውሃ ግን ትሰጡኛላችሁ።»

«እርስዎ ሰው ነዎት።»

«ይህንን በጽሑፍ ብታደርጉልኝ።»

መርሻ ሲናደድ አንቱታው ይጠፋበታል። «አንቺ ሴትዮ፣ ውሃው የሕዝብ ነው» ብሎ ወጣ። ደሬሳ ተከተለው። ዳሂር መጨረሻ ወጣ፤ በሩ ላይ ዞር ብሎ ተክሉን አየና «ወላሂ፣ ያንቺ እንዴት እንዲህ አረንጓዴ ሆነ?» አለ። ከዚያ ምን እንዳለ ገብቶት ቶሎ ተራመደ።

በማግስቱ እታገኘሁ ቆርቆሮውን ከመስኮቱ አነሳችው። ሰልፉ ላይ የነበሩት «በቃ፣ ልትጥለው ነው» አሉ። እሷ ግን በረንዳው ላይ፣ ጥላ ያለበት ቦታ፣ ልክ ከሰልፉ ፊት ለፊት አስቀመጠችው። ከጓዳ በጆግ ውሃ ይዛ መጣች። ቆርቆሮው ላይ ጎንበስ ብላ ፊቷን ታጠበች። ከአገጯ የሚወርደው አፈሩ ላይ ወረደ። ቀጥላ እጇን፣ ከዚያ ክንዷን እስከ ክርኗ አለቀለቀች።

የቀበሌው ጽሕፈት ቤት ከመንገዱ ማዶ ነው። መርሻ ወጣ።

«ምን እያደረግሽ ነው?»

«ፊቴን እየታጠብኩ።»

«እዚያ ላይ?»

«ሳፋዬ ያፈሳል።»

«ውሃው እኮ...»

«የቀበሌው ውሃ ጆጉ ውስጥ እያለ ነው። ፊቴን ከነካ በኋላ የፊቴ ነው። ፊት መታጠብ ከተከለከለ በሜጋፎን ተናገር፤ እኔም ያገሬ ሰው ፊትሽ ለምን አደፈ ሲለኝ ተከልክዬ ነው እላለሁ።»

እዚያ ከነበሩት ባቱሎ ብቻ ሳቀች፤ እሷ ካርድ ስለሌላት የሚነጠቅ ነገር አልነበራትም። መርሻ በትእዛዙ ውስጥ ስለ ፊት የተጻፈ ነገር እንዳለ ለማየት ወደ ቢሮው ተመለሰ።

እንዲህ እየሆነ ሰነበተ። ጠዋት ሰልፉ ባለበት ፊቷን ትታጠባለች። ሩዝ ስታጥብ የሚቀረውን ውሃ፣ ጎመን ስታለቀልቅ የሚቀረውን ሁሉ ደጅ ይዛ ትወጣለች፤ ይታይ ብላ። ከጥቂት ጊዜ በኋላ አንዲት ሴትዮ ጀሪካኗን ሞልታ ስትመለስ በረንዳው ጋ ቆመችና «እጄ አቧራ ሆነ» ብላ ቆርቆሮው ላይ እጇን አለቀለቀች። ቀጥሎ ሌላዋ። ያን ጅላል በጅጅጋ የዚያን ሰፈር ያህል እጁ የጠራ ሰው አልነበረም። የጠቅላላ ስብሰባው ቀን ግን አልተሰረዘም።

«ወላል» አለች ባቱሎ አንድ ከሰዓት፣ በረንዳው ላይ ቁጭ ብላ። ወላል በሶማሊኛ እህት ማለት ነው፤ ባቱሎ ሰው ልትገሥጽ ስትል ነው የምትጠቀምበት። «ለምን አትናገሪም? እኔ ውሃ እስከ ጓዳ ድረስ ነው የማስገባው። የመርሻ ሚስት መኝታ ቤት ያለውን አይቼዋለሁ። ትልቅ ሆኗል፤ አልጋው ላይ እየወጣ ነው።»

«አጣና አላቆመችለትማ።»

«ባልየው ውሃ ሲያጠጣው አየሁት እኮ። በሻይ ማንኪያ።»

«በማንኪያ አይሆንም። አንዴ አጥግቦ መተው ነው።»

«የአስተማሪው ትንሽ ነው። እንደ ሙሽራ ሻሽ አልብሶታል። ዳሂር ደግሞ ከስኳር ጆንያ ኋላ ሸጎጠው፤ ቀጥኗል፣ ነጭ ሆኗል።»

«ብርሃን ይስጠው በይው።»

«አልነግረውም። ሌባ ነው።»

«ንገሪው፣ ባቱሎ።» እታገኘሁ ጣቷን አፈሩ ውስጥ ከታ አወጣች። «ብናገር ምን የሚሆን ይመስልሻል? በነጋታው ሦስቱም ነቅለው ይጥሉታል። የኔን ደግሞ ያኔም አይተዉልኝም። ከእሾህ በቀር አይበቅልም ያሉኝ ሰዎች ናቸው አሁን አልጋቸው ላይ የሚያበቅሉት። እኔ ይህንን አላስወግድም፤ የነሱንም አላስነቅልም። ካርዱን ይውሰዱት።»

«ከዚያ ምን ልትጠጪ?»

«አንቺ አለሽ።»

ባቱሎ አህያዋን አየች። አህያዋ ወደ ሌላ በኩል አየች።

ስብሰባው ሲቃረብ ደሬሳ ብቻውን መጣ። ኮቱን ቆልፏል፤ ሻይ ግን አልፈልግም አለ።

«እትዬ፣ አዲጋላ ያለ አንድ ጓደኛዬ የጻፈልኝ ነገር ነበር። እንዲህ ዓይነት ተክል አለው። ድፍን ቅጠል፣ ጤነኛ። አሁን አዲሱ ቅጠል ሲፈታ አንድ ቀዳዳ ይዞ ወጣ።»

«አመድ ነሰነሰበት?»

«ብዙ። ሁለቱንም ገጽ።»

«ምን ይዞት?»

«ተባዩ እንዳይስፋፋ ብሎ ነው።»

«ለጓደኛህ እንኳን ደስ ያለህ በለው። ጎልምሶለታል። ባቡር ጣቢያ ላይ ሆኖ ይህን ያህል ካደረሰው ጎበዝ ነው። አመዱን ይጥረግለት፤ የመጀመሪያው ዝናብ ሲጥል ደጅ ያውጣው፣ ጨዉ ይታጠብለት።»

«ይህ ግን በሳይንስ...»

«አዲጋላ ሳይንስ እስኪደርስ ድረስ ያውጣው።»

ደሬሳ አመሰገነ። «እነግረዋለሁ» ብሎ ወጣ፤ ከበረንዳው ሲወርድ በእታገኘሁ ተክል ቀዳዳ ውስጥ ጣቱን አስገብቶ አወጣ።

ጠቅላላ ስብሰባው በሚያዝያ መጀመሪያ፣ እሑድ ረፋድ ላይ ተጠራ። ከየቤቱ አንድ ሰው በቀበሌው አዳራሽ ተገኘ። ከረማራ ተራራ ላይ ደመና ተኝቶ ነበር፤ ሁሉም አይቶታል፣ ማንም ስሙን አልጠራም፤ ስሙ ሲጠራ የሚሸሽበት ዓመት ነበርና። እታገኘሁ ቆርቆሮውን ራሷ ተሸክማ መጣች። ወንበር ላይ ተቀመጠችና ያኔ በባቡር እንዳመጣችው ጭኗ ላይ አደረገችው። ከቅጠሎቹ ኋላ ፊቷ በቀዳዳው ብቻ ነው የሚታየው።

መርሻ ስለ ድርቁ፣ ስለ ውሃው፣ ስለ አርአያነት ተናገረ። ጥሩ ተናገረ። ደሬሳ ሳይንሳዊ ማብራሪያ እንዲሰጥ ተጋበዘ። ስለ ጎመን ተናገረ፤ ስለ ቀዳዳው አንድም ቃል ሳይናገር ተቀመጠ። ዳሂር ሐሳብ እንዲሰጥ ሲጠየቅ «ወላሂ እኔ ቅጠል አላውቅም፤ ስኳር ነው የምሸጠው» አለ።

«ወይዘሮ እታገኘሁ፣ ወደ ድምፅ ከመሄዳችን በፊት ግለ ሂስዎን ያድርጉ» አለ መርሻ።

እታገኘሁ ቆርቆሮውን እንደታቀፈች ተነሳች።

«አደርጋለሁ። አንደኛ፣ መስኮት ላይ ማስቀመጤ ስሕተት ነበር። መኝታ ቤት ከመጋረጃ ኋላ ባስቀምጠው ማንንም ባላስቸገርኩ። ሁለተኛ፣ ፊቴን እንደሚገባ አልታጠብኩም፤ ጠርዙ ተቃጥሎብኛል። ሦስተኛ የለኝም። አላስወግደውም። ካርዴ ይኸውላችሁ።»

ካርዱን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠች። መልሳ ተቀመጠች።

አዳራሹ ውስጥ ሰው ጫማውን አየ።

«ካርዷ እንዲነጠቅ የምትደግፉ» አለ መርሻ።

መጀመሪያ ጥቂት እጅ ወጣ። ከዚያ እጁን ያወጣ ሰው ጎረቤቱን አየ፤ ጎረቤቱም አወጣ። እጁን ያላወጣ ሰው የሚቀጥለው ጉብኝት የእሱ ቤት እንደሚሆን ሁሉም ያውቃል። የደሬሳ እጅ ከክርኑ በላይ አልሄደም፤ ግን ወጣ። የዳሂርም ወጣ።

ጣራው ላይ አንድ ነገር ኳ አለ። ልጆች ጠጠር የወረወሩ መሰለ። ቀጥሎ ሌላ ጠጠር። ከዚያ የአዳራሹ ቆርቆሮ በሙሉ አንድ ላይ መጮህ ጀመረ።

መርሻ ሜጋፎኑን ወደ አፉ አደረገ። ከንፈሩ ይንቀሳቀሳል፤ «እጅ አውርዱ» እያለ መሆን አለበት። የሰማው ሰው የለም። እጆቹ እንደተነሱ ቀሩ። እታገኘሁ ተነሳች፤ በተነሱት እጆች መሀል ተክሉን ይዛ አለፈች፤ በሩን በክርኗ ከፍታ ወጣች። ከአዳራሹ ፊት ለፊት ሜዳው ላይ አስቀመጠችውና አጠገቡ ቆመች፣ ሳትሸፋፈን።

ሰዉ ወደ መስኮቶቹ ዞረ። ከመስኮቶቹ መንገዱ በሙሉ ይታያል።

በመጀመሪያ የወጣው በየዓመቱ የሚወጣው ነው፤ በርሜል፣ ባልዲ፣ ድስት፣ ሳፋ፣ ከየጣራው ሥር። ከዚያ የዳሂር ሱቅ በር ተከፈተና ሚስቱ አንድ የቴምር ጣሳ ይዛ ወጣች። ጣሳው ውስጥ ነጣ ያለ፣ አንገቱ የረዘመ ተክል ቆሟል። ደረጃው ላይ አስቀመጠችው። ቀጥሎ የደሬሳ አከራይ ሴትዮ የእሱን ክፍል ከፍታ ገባች፤ ሻሽ የለበሰ ነገር ይዛ ወጣች፤ ሻሹን ገለጠችው። ቅጠሉ በአመድ ነጭ ነበር። ዝናቡ አመዱን ወሰደው፤ ከሥሩ አረንጓዴ መጣ፤ ቀዳዳውም ታየ። ደሬሳ መስኮቱ ጋ ቆሞ ነበር። እጁ አሁንም ከክርኑ በላይ አልሄደም።

ከዚያ ሌላ በር ተከፈተ። ከዚያም ሌላ። እታገኘሁ ሻይ አፍልታ ካልሰጠቻቸው ቤቶች፣ ደጃቸውን ከማታውቃቸው ቤቶች ጭምር ወጣ፤ ከሰረቁት ላይ የሰረቁ፣ ከእነሱም ላይ የሰረቁ ነበሩ። በዱቄት ወተት ጣሳ፣ በተሰበረ ማሰሮ፣ በአሮጌ የወታደር ቆብ። አንዳንዱ ድፍን፣ አንዳንዱ አንድ ቀዳዳ፣ አንዳንዱ ሁለት። ሁሉም ከጣራው ጠብታ ራቅ ተደርጎ፣ ሰማዩ በሚያገኘው ቦታ ተቀመጠ፤ እታገኘሁ ለግድግዳዋ እንደተናገረችው።

የመርሻ ቤት ከአዳራሹ አጠገብ ነው። በሩ ተከፈተ፤ አትጠገብ ወጣች፤ ምንም አልያዘችም። በዝናቡ ውስጥ መጥታ የአዳራሹን መስኮት መታች። አንድ ሰው ከፈተላት። የታጠበ ፊቷን በመስኮቱ አስገብታ፣ ተሰብሳቢውን ሳታይ ባሏን ፈለገችና ከጣራው ድምፅ በላይ ተናገረች፦

«መርሻ፣ ና ያዝልኝ እንጂ። የአልጋውን እግር ነክሶ አልለቅ ብሎኛል፤ ብቻዬን አላወጣውም። ዝናቡ ሳያባራ።»

ከዚያ እጃቸውን እንዳነሱ ወደ እሷ የዞሩትን ሰዎች አየች። ነጠላዋን ጠበቅ አደረገች።

መርሻ ሜጋፎኑን ካርዱ ላይ አስቀመጠ። ወጣ። ወደ ቤቱ ገባ። ከዚያ በኋሊዮሽ እየተራመደ ከቤቱ ወጣ። አንድ እጁን ከቆርቆሮው ሥር አድርጓል፤ በሌላው ግንዱን ከመሀሉ ይዞ፣ ቅጠሉ የበሩን መቃን እንዳይነካ ጎኑን አዙሮ ነው የሚራመደው። አያያዙ የለመደ ሰው አያያዝ ነበር። ቅጠሎቹ ከእታገኘሁ ተክል ቅጠሎች ይበልጣሉ።

ከጣራው ሥር ሊያስቀምጠው ሲል እታገኘሁ የራሷን ቆርቆሮ በእግሯ ገፋ አድርጋ ቦታ ለቀቀች።

«ከዚያ የሚወርደው ይሰብረዋል» አለችው። «ወደዚህ ጠጋ አድርገው።»

መርሻ ጠጋ አደረገው።